ማሽኑ ከማን ሰማው?



ውድ አንባብያን! ከአንድ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ምን ይጎድለዋል ተብሎ ቢጠየቅ፣ ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን መልስ ገንዘብ ነው። እርግጥ ነው፤ ገንዘብ ይጎድለዋል። ከገንዘቡ ይልቅ የሚጎዳው ግን የሚጠይቀው ሰው ማጣቱ ነው። ወላጆቹ የተማሩለት ልጅ አንድ ነገር ሲቸግረው ወደ ቤቱ ይደውላል፤ መልስም ያገኛል። ለቤቱ የመጀመሪያ የሆነው ተማሪ ወደ ቤቱ ቢደውል የሚያገኘው ዱዓ ነው። የወላጅ ዱዓ ትልቅ ስንቅ ነው። ይሁን እንጂ «ይህን ኮርስ ድሮፕ ላድርገው ወይስ ልቀጥል?» ለሚለው ጥያቄ ዱዓ የሚያደርጉለት ወላጆች መልስ የላቸውም። ጥያቄው ራሱም አይገባቸውም።

ይህን የምጽፈው ከሌላ ሰምቼ አይደለም። በ1994 ዓ.ም. ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብላ ከምትገኝ የገጠር ቀበሌ ተነሥቼ ዩኒቨርሲቲ ስገባ፣ ከዘመዶቼ መካከል የዩኒቨርሲቲ በር የረገጠ አንድም ሰው አልነበረም። አባቴ በወጣትነታቸው ደረሳ ሆነው ከሸኽ ወደ ሸኽ እየተዘዋወሩ ኪታብ የቀሩ ሰው ናቸው። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ግን አልገቡም። እናቴ ፊደል አልቆጠሩም። «ክሬዲት» ምን ማለት እንደሆነ፣ «ዋርኒንግ» የወጣበት ተማሪ ምን እንደሚገጥመው፣ ዲፓርትመንት ሲመረጥ ምን ተብሎ እንደሚመረጥ የሚነግረኝ ከቤቴ አልነበረም። የነገረኝ አንድ የከሚሴ ልጅ የሆነ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው። ከዒሻእ ሰላት በኋላ አዲስ የገባነውን ሰብስቦ፣ በዚያን ጊዜ ለእኛ ምሥጢር የነበረውን ሁሉ አንድ በአንድ ያስረዳን ነበር። አላህ ምንዳውን ይክፈለውና፣ ያለ እርሱ የመጀመሪያውን ዓመት መጨረሴን እጠራጠራለሁ።

የእህቴ ልጅና አዲሱ አማካሪ

ዘመኑ ተለወጠ። የታላቅ እህቴ ልጅ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናን የወሰደችው በ2015 ዓ.ም. ነበር። በዚያ ዓመት ፈተናውን ከወሰዱት ወደ 845 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 27 ሺህ ያህል ብቻ፣ ማለትም 3.2 በመቶ እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ። ልጅቱ ከእነርሱ መካከል አልነበረችም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ አካባቢያችን በመጣ ጊዜ ትምህርት ቤቷ ተዘግቶ፣ መጻሕፍቷም ጠፍተውባት ነበር። በሬሜዲያል ፕሮግራም ገብታ፣ እርሱንም አልፋ፣ በ2017 ዓ.ም. የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሆነች። እናቷ፣ ማለትም እህቴ፣ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠች ናት። አባቷ በገበያ ቀን እህል ነጋዴ ነው። ልጅቱ ለቤታቸው የመጀመሪያ ናት።

አጎቷ እኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ደሴ ከተማ ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት ስለምሠራ፣ ሲቸግራት ወደኔ ትደውላለች ብዬ ስጠብቅ ነበር። ስልኳ አልመጣም። በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ስትመጣ «ለመሆኑ የሚቸግርሽ ነገር የለም ወይ?» ብዬ ጠየቅኋት። «ይቸግረኛል፤ ግን አጎቴ፣ አንተ ሥራ ላይ ነህ ብዬ ነው። ይህን እጠይቀዋለሁ» ብላ ስልኳን አሳየችኝ። የምትጠይቀው ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለውን ማሽን ነበር።

ከእናንተ መካከል ስሙን ሰምታችሁ ምንነቱን ያላወቃችሁ ልትኖሩ ስለምትችሉ ጥቂት ልበል። ቻት ጂፒቲ የሚባለው በሰፊው የታወቀው ማሽን ለሕዝብ የተለቀቀው ኅዳር 21 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ተመሳሳዮቹ በዝተዋል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ እጅግ ብዙ ጽሑፍ ከመጻሕፍትና ከኢንተርኔት ይሰበሰብለታል። ከአንድ ቃል ቀጥሎ የትኛው ቃል ሊመጣ እንደሚችል መገመትን ደግሞ ደጋግሞ ይለማመዳል። ጥያቄ ሲቀርብለት መልሱን የሚገነባው በዚሁ መንገድ፣ ቃል በቃል እየቀጠለ ነው። ከጊዜ ወዲህ ኢንተርኔት ውስጥ ፈልገው የሚመልሱም መጥተዋል። ንግግሩ የአዋቂ ሰው ንግግር ይመስላል። ብዙ ጊዜም ትክክል ይናገራል። ሲሳሳትም ግን የሚናገረው በዚያው በአዋቂ አንደበት ነው። ችግሩም ከዚህ ላይ ነው።

የሚጠቅመው እንዴት ነው?

አንዳንድ ወንድሞች ይህን ማሽን ከነጭራሹ ማውገዝ ይቀናቸዋል። እኔ ግን ልጅቱ የጠየቀችውን አንድ በአንድ ካየሁ በኋላ ጥቅሙን መካድ አልቻልኩም። «የኮርስ ማብራሪያ ወረቀት ላይ ያለው ይህ ቃል ምን ማለት ነው?» «ለመምህር ደብዳቤ ሲጻፍ እንዴት ይጀመራል?» «ጂፒኤ እንዴት ይሰላል?» እነዚህ ሁሉ እኔ በ1994 ዓ.ም. በክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ ለመጠየቅ ያፈርኩባቸው ጥያቄዎች ናቸው። የገጠር ልጅ ከሚበዛበት ነገር አንዱ እፍረት ነው። ማሽኑ ደግሞ አይስቅም፣ «ይህንንም አታውቂም?» አይልም።

በሌላ አገር የተሠራ አንድ ጥሩ ምሳሌ ልጥቀስ። በአሜሪካ በአትላንታ ከተማ የሚገኘው የጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ብዙ ችግረኞችና ለቤታቸው የመጀመሪያ የሆኑ ተማሪዎች የሚማሩበት ነው። ከአመልካቾቹ አንዳንዶቹ «ተቀብለናችኋል» ከተባሉ በኋላ ክረምቱን አልፈው ትምህርት ሲጀመር ሳይመጡ ይቀሩ ነበር። አእምሮ አንሷቸው አይደለም። ቅጹ፣ ክፍያው፣ የክትባት ወረቀቱ፣ የቀነ ገደቡ ብዛት ግራ ስላጋባቸውና የሚጠይቁት ስላጡ ነው። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ2016 ክረምት በሞባይል የጽሑፍ መልእክት የሚመልስ ማሽን አዘጋጀ። በዚያ አንድ ክረምት ከ200 ሺህ በላይ መልሶች ተሰጡ፤ በመንገድ የሚቀሩት ተማሪዎችም በአምስት አንድ ያህል ቀነሱ። ልብ በሉ! ያ ማሽን መልሱን ከራሱ አይፈጥርም ነበር። መልሶቹን የዩኒቨርሲቲው ሠራተኞች አስቀድመው አዘጋጅተዋቸዋል። ማሽኑ የማያውቀው ጥያቄ ሲመጣ ደግሞ ወደ ሰው ያስተላልፈው ነበር። ከበስተኋላው ኃላፊነት የሚወስድ ሰው ነበረ ማለት ነው።

ከማን ሰማው?

በዚያው ዕረፍት ልጅቱ ይዛው የመጣችው አንድ የቤት ሥራ ነበር። በአንደኛ ዓመት ከሚሰጡት ኮርሶች አንዱ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ ነው። መምህሩ እያንዳንዱ ተማሪ ስለ ትውልድ አካባቢው አንድ ጉዳይ መርጦ በእንግሊዝኛ እንዲጽፍ አዝዟል። እርሷ የመረጠችው የወሎን የኪታብ ትምህርት ማዕከላት ነው። ማሽኑን ጠይቃ ሁለት ገጽ ያህል ጽሑፍና የሦስት መጻሕፍት ስም ከነደራሲዎቻቸው አግኝታለች።

ማታ ቡና እየተፈላ ሳለ ጽሑፉን በአማርኛ እየተረጎመች ለአያቷ፣ ለአባቴ፣ አነበበችላቸው። አባቴ ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸውና ልቡናቸው ግን ደህና ነው። ዳናን የጠቀሰችበት ቦታ ላይ ሲደርሱ አስቆሟት። ማሽኑ ዳናን ከደሴ በስተደቡብ አድርጎታል። «ዳና የጁ ነው፤ በእግሬ ሄጃለሁ። ይህ ሰው ይህን ከማን ሰማው?» አሉ።

«አባባ፣ ሰው አይደለም፤ ማሽን ነው» አለቻቸው።

«ማሽንም ቢሆን ከአንድ ሰው ሳይሰማ አይናገርም። ከማን ሰማው? ያ የነገረውስ ከማን ሰማ?»

ውድ አንባብያን! ይህ የአባቴ ጥያቄ የሽማግሌ ግትርነት እንዳይመስላችሁ። ደረሳ በነበሩ ጊዜ ያደጉበት ሥርዓት ነው። በወሎ የኪታብ ትምህርት አንድ ደረሳ ነሕውን ከአንዱ፣ ፊቅህን ከሌላው ሸኽ ለመቅራት የብዙ ቀን መንገድ በእግሩ ይሄድ ነበር። የሚበላውም የአካባቢው ሕዝብ የሚሰጠውን ነበር። ያን ሁሉ ድካም የሚደክመው ኪታብ ስለሌለ ብቻ አልነበረም። ዕውቀት ከሰው አፍ፣ ከታወቀ ሸኽ መወሰድ አለበት ተብሎ ስለሚታመን ነው። ኢጃዛ የሚሰጠው ሸኽ ከማን እንደተማረ፣ ያ ያስተማረውም ከማን እንደተማረ ሰንሰለቱ ይታወቃል። የሐዲስ ምሁራን ኢስናድ ብለው የደከሙበት ጉዳይ ይኸው አይደለምን? ተናጋሪው ካልታወቀ ንግግሩ አይወሰድም።

ልጅቱ በማግሥቱ አብራኝ ደሴ ወርዳ የሦስቱን መጻሕፍት ስም በኢንተርኔትና በቤተ መጻሕፍት ፈለግን። አንዱ በእርግጥ አለ። እርሱም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ያስተማሩት ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስለነበረው የወሎ እስልምና በእንግሊዝኛ ጽፈው እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተሙት መጽሐፍ ነው። የቀሩትን ሁለቱን ግን የትም አላገኘናቸውም። አርእስታቸው ያምራል፣ ዓመተ ምሕረታቸው ተጽፏል፣ መጻሕፍቱ ግን የሉም።

ይህ በገጠር ተማሪ ላይ ብቻ የሚደርስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 በኒውዮርክ የሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ ማሽኑ የፈጠራቸውን ስድስት የሌሉ የፍርድ ውሳኔዎች እንደ እውነተኛ ጠቅሰው ባቀረቡ ጠበቆች ላይ የ5 ሺህ ዶላር ቅጣት ጥሏል። የሕግ ትምህርት ጨርሰው ለዓመታት የሠሩ ጠበቆች እንዲህ ከሆኑ፣ መጽሐፍ የት እንደሚፈለግ ገና ያልተነገራት የአንደኛ ዓመት ተማሪማ እንዴት ትሆን?

እውነቱ ሐሰት ሲባል

ልጅቱ ጽሑፉን እንደገና ጀመረችው። የማሽኑን ተወችው። የፕሮፌሰሩን መጽሐፍ በዩኒቨርሲቲዋ ቤተ መጻሕፍት አንብባ፣ አያቷ የነገሯትን በአማርኛ በደብተር ጽፋ፣ ከዚያ በራሷ እንግሊዝኛ አዘጋጀችው። እንግሊዝኛዋ ቀላል ነው፤ ዐረፍተ ነገሮቿ አጫጭር ናቸው። ስህተት ላለመሥራት የምታውቃቸውን ቃላት ብቻ መርጣ ነው የጻፈችው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በሌሊት ደወለችልኝ። ታለቅሳለች። መምህሩ ጽሑፉን «በማሽን የተጻፈን ይለያል» ለሚባል ሌላ ማሽን ሰጥቶት ኖሯል። ያ ማሽን ደግሞ ይህ የሰው ጽሑፍ አይደለም ብሏል። መምህሩ ዜሮ እንደሚሰጣትና ጉዳዩን ለዲፓርትመንት እንደሚያቀርበው ነግሯታል። ለእርሷ ይህ የአንድ ቤት ሥራ ጉዳይ አልነበረም። በሬሜዲያል አልፋ የገባችበት ቦታ ከእጇ ሊወጣ መስሎ ታያት። «ለእናቴ እንዳትነግራት፤ ሌባ ነሽ ተባልኩ ብላ ትሞታለች» አለችኝ።

በማግሥቱ ስለ ጉዳዩ ያገኘሁትን አነበብኩ። ያገኘሁት ነገር ወላጆች ሁሉ ሊያውቁት የሚገባ ስለሆነ ልንገራችሁ። በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት ጥናት፣ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች በቶፍል ፈተና የጻፏቸውን 91 ጽሑፎች ለሰባት ዓይነት መለያ ማሽኖች ሰጡ። ማሽኖቹ በአማካይ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑትን «በማሽን የተጻፈ» ብለው በሐሰት ፈረዱባቸው። በአሜሪካ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች የተጻፉትን ግን በአብዛኛው በትክክል የሰው ናቸው አሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። መለያው የሚመለከተው ቃላቱ ምን ያህል የሚገመቱ እንደሆኑ ነው። እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ብቻ የተማረ ሰው ደግሞ የሚጽፈው በተለመዱና በሚገመቱ ቃላት ነው። ቻት ጂፒቲን የሠራው ኦፕን ኤአይ የተባለው ድርጅት ራሱ በጥር 2023 እ.ኤ.አ. መለያ አውጥቶ ነበር። በሰጠው መግለጫ መለያው በማሽን ከተጻፉት ጽሑፎች ለይቶ ያወቀው 26 በመቶውን ብቻ ነው። ትክክለኛነቱ አነስተኛ ነው ብሎም በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር አነሣው።

እንግዲህ ፍርዱ የሚከብደው በማን ላይ እንደሆነ ተመልከቱ። በማሽን አስጽፎ፣ ቃላቱን እያጣመመ መደበቅ የሚያውቅ ያልፋል። በላቧ የጻፈች የገጠር ልጅ ትያዛለች። አባቷ ወይም እናቷ ዲፓርትመንቱ ድረስ ሄደው የሚከራከሩላት ቢሆኑ ኖሮ ጥቂት ይቀል ነበር። እነርሱ ግን ዲፓርትመንት የሚባለው ምን እንደሆነ አያውቁም።

ያዳናት ደብተሩ ነው። አያቷ የነገሯትን በአማርኛ የጻፈችበትን፣ ከዚያም እየሰረዘች እየደለዘች በእንግሊዝኛ ያረቀቀችበትን ደብተር ይዛ ቀረበች። «አያቴ የነገሩኝ ነው፤ ስማቸውና ቀኑ ይኸው፤ መጽሐፉም ገጹ ይኸው» አለች። መምህሩ ደብተሩን አገላብጦ ካየ በኋላ፣ ፊቱ ቁጭ ብላ አንድ ሰዓት ያህል በዚያው ርእስ ላይ እንድትጽፍ አደረጋት። ጻፈች። ውጤቷ ተመለሰላት። ይቅርታ አልተባለችም፤ ቢሆንም መምህሩ ደብተሩን ለማየት ፈቃደኛ መሆኑን እንደ በጎ ነገር ቆጥሬለታለሁ። ያልጠየቀ መምህርም ይኖራልና።

አባቴ ይህን ሲሰሙ የተናገሩት አጭር ነው። «ከማን እንደሰማች ስላወቀች ነው የዳነችው» አሉ።

እኛስ ምን እናድርግ?

ለቤታቸው የመጀመሪያ የሆኑ ልጆች ያሏችሁ ወላጆች፣ «እኛ አልተማርንም፤ ምን እንረዳዋለን?» አትበሉ። ፊደል ያልቆጠረች እናት እንኳ ልጇን ሦስት ነገር ልትጠይቅ ትችላለች። የመጀመሪያው «ይህን ከማን ሰማኸው?» የሚለው ነው። ሁለተኛው «ስልኩን አስቀምጥና በአማርኛ አስረዳኝ» ማለት ነው። እህቴ ይህን አሁን ልማድ አድርጋዋለች። ልጅቱ ለዕረፍት ስትመጣ እናቷ ቡና እየቆላች «እስኪገባኝ ንገሪኝ» ትላታለች። ለእናቷ እስኪገባት ማስረዳት የቻለችው ነገር በእርግጥ ገብቷታል፤ ያቃታትን ደግሞ የሸመደደችው እንደሆነ ራሷ ታውቀዋለች። ሦስተኛው «ከሰው ጋር ትነጋገሪያለሽ ወይ?» የሚል ነው። ይህን ጥያቄ የሚተካ የለም።

ተማሪዎች ሆይ! ማሽኑን ለመረዳት ተጠቀሙበት፤ ለመጻፍ ግን እጃችሁን አታስፈቱ። አንድ ነገር ካልገባችሁ «በቀላል ቋንቋ አስረዳኝ፣ ምሳሌ ስጠኝ፣ ጠይቀኝና መልሴን አርመው» በሉት። ይህ ጥናት ነው። «ጻፍልኝ» ማለት ግን ሌላ ነው። በሌላ እጅ የተሠራን የራስ አድርጎ ማቅረብ በአማና ላይ የሚፈጸም ክህደት መሆኑን ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ከዚህም ሌላ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን የመውጫ ፈተና አለ። ያን ፈተና የምትቀመጡት ብቻችሁን ነው፤ ለማለፍም 50 በመቶ ማምጣት ያስፈልጋል። አራት ዓመት ሙሉ ማሽን የጻፈለት ተማሪ በዚያ ቀን ምን ይዞ ይቀርባል? ማሽኑ የሰጣችሁን መጽሐፍ ስም ደግሞ በዓይናችሁ ሳታዩት አትጥቀሱ። ረቂቃችሁን አትጣሉ፤ የተሰረዘውም የተደለዘውም ይቀመጥ። በአማርኛ ስትጠይቁት ይበልጥ ተጠንቀቁ፤ የተማረበት የአማርኛ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ስለሆነ ስህተቱ ይበዛል።

መምህራን ወንድሞችና እህቶችም በዚህ መጽሔት አንባቢዎች መካከል እንዳሉ አውቃለሁ። ማሽን በሰጣችሁ ፍርድ ብቻ ተማሪን አትፍረዱበት። ጠርታችሁ ጠይቁት። ሥራው የእርሱ ከሆነ ያስረዳችኋል፤ ካልሆነ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይታወቃል።

በመጨረሻም የምለው ቀደም ብለን ለገባነው፣ ከዩኒቨርሲቲ ወጥተን ሥራ ለያዝነው ነው። ልጆቹ ወደ ማሽኑ የሄዱት ሰው ንቀው አይደለም። እኛን ማስቸገር ፈርተው፣ ሥራ ላይ ነን ብለው ነው። ስልካቸውን መጠበቅ አይበቃም፤ መደወል የእኛ ፈንታ ነው። እኔ ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ጁሙዓ ከሰዓት እደውልላታለሁ፤ «ዛሬ ምን ግራ ገባሽ?» እላታለሁ። በየግቢው ያላችሁ የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎችም ከመስከረም ጀምሮ የሚገቡትን አዲስ ልጆች ሰብስባችሁ ያወቃችሁትን ንገሯቸው። ማሽኑ በእኩለ ሌሊትም ቢሆን ይመልሳል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን አንድ ልጅ ሁለት ቀን ካፌ ሳይመጣ ቢቀር፣ ዶርሙ ድረስ ሄዶ በሩን የሚያንኳኳ ሰው ብቻ ነው።

አላህ ልጆቻችንን በሚጠቅም ዕውቀት ያሳድግልን።